ኢንጂነሪንግ ለመማር ወደ ውጭ ስታመለክቱ፦ የዩኒቨርሲቲ ዝርዝራችሁን ከገንዘቡ ጀምሩ

በቴሌግራም ቻናሎች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ዝርዝር አለ፦ ኤምአይቲ፣ ስታንፎርድ፣ በርክሌይ፣ ጆርጂያ ቴክ፣ ፐርዱ። ኢንጂነሪንግ እማራለሁ ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ እሱን ገልብጦ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ለአሜሪካዊ ልጅ የሚያስኬድ ዝርዝር ነው። ለቱሉ ዲምቱ፣ ለየካ አባዶ፣ ለቦሌ አራብሳ ወይም ለጀሞ ልጅ ግን ከአምስቱ ሦስቱ ከመነሻው ዝግ ናቸው። በርክሌይ፣ ጆርጂያ ቴክና ፐርዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ የቤተሰብን አቅም አይተው ለውጭ አገር ተማሪ ዕርዳታ አይሰጡም። ተቀበልንህ ቢሉም በዓመት ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ገንዘቡ መኖሩን በባንክ ማስረጃ ካላሳያችሁ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ አይልኩላችሁም፤ ያለ አይ-20 ደግሞ የተማሪ ቪዛ የለም። የተቀባይነት ደብዳቤው ስልክ ውስጥ ይቀራል።

አሜሪካኖቹ ዝርዝር ሲያወጡ ኮሌጆችን በሦስት ይከፍላሉ። መግባቱ የሚከብደው ሪች፣ ከውጤታችሁ ጋር የሚመጣጠነው ማች፣ እንደሚቀበላችሁ የምትተማመኑበት ሴፍቲ ይባላል። ክፍፍሉ አይከፋም፤ ግን የሚመዝነው መግባትን ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ሴፍቲ ማለት የሚቀበልም የሚከፍልም ነው። ሁለቱን ያላሟላ ኮሌጅ መቶ በመቶ ቢቀበላችሁም ሴፍቲ አትበሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚች ነጥብ የሚነሣ ነው።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ያለውን ቁጥር እወቁ

የመጀመሪያው ሥራ ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ነው። ዕርዳታ የሚሰጡ ኮሌጆች ቤተሰባችሁ በዓመት ስንት ዶላር መክፈል እንደሚችል ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ወይም አይኤስኤፍኤኤ በሚባል ቅጽ ላይ ይመጣል። ልጅ ብቻውን ገምቶ የሚሞላው ነገር አይደለም። ወላጆች መጀመሪያ ሲሰሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቆጣሉ።

«ስኮላርሺፕ ነው አላልከኝም? ታዲያ የኔ ደሞዝ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አባዬ፣ ስንት እንደሚጎድለን ለማወቅ ነው። የጎደለውን ነው የሚሞሉት።»

«እንግዲያው ምንም የለንም በላቸው።»

«ቪዛውስ? ትኬቱስ?»

አባትየው ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ እውነት ከሆነ ዜሮ መጻፍ ነውር የለውም። ነገር ግን የሚጎድለውን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን የሚሉ ኮሌጆች እንኳ የማይነኳቸው ወጪዎች አሉ። የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት አንዳንዱ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ አይሸፍንም። እነዚህን ቤተሰብ ከየት እንደሚያመጣቸው አሁን ካልተነጋገራችሁ በግንቦት ወር ጭቅጭቅ ይሆናል።

ቁጥሩን መቆለል ከዜሮው የባሰ ነው። አሜሪካ ያለ አጎት «በዓመት 15 ሺህ እኔ እችለዋለሁ» ብሎ በስልክ ቃል ገባ እንበል። ኮሌጁ ስሌቱን የሚሠራው ከጠቅላላ ወጪው የቤተሰብን ድርሻ ቀንሶ ነው፤ 15 ሺህ ካላችሁ ያንን ያህል ይቀንስባችኋል። በሁለተኛው ዓመት አጎት ስልክ ማንሳት ቢያቆም ኮሌጁ ጉድለቱን ለመሙላት አይገደድም። አጎትን መጠየቅ ያለባችሁ የአራት ዓመት መሆኑን ነግራችሁ፣ በጽሑፍ ነው።

ወረቀቱን ከአሁኑ ሰብስቡ። ደሞዝተኛ ወላጅ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ያወጣል፤ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ያቀርባል። ጉሊት የምትቸረችር እናት ይህ ሁሉ የላትም። ለእሷ የወር ገቢና ወጪዋን የሚዘረዝር አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋችሁ አስፈርሟት፤ ኮሌጆቹ እንዲህ ያለውን ይቀበላሉ። የኮንዶሚኒየም ቤት ያለው ቤተሰብ ደግሞ የቀረውን የባንክ ዕዳ መጻፍ እንዳይረሳ። ዕዳው ካልተጻፈ ቤቱ እንደ ተጣራ ሀብት ይቆጠርና «እነዚህማ አላቸው» ያስብላል።

ደረጃ 2፦ የአገር ቤቱን አትልቀቁ

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት እንደዚህ የሚሠራበት ቦታ የለም። የማመልከቻ ድርሰት (ኢሴይ) ሲጽፍ፣ ኤስኤቲ ለሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና ሲያጠና ከርሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን የሚያጣ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ፈተናው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነው። አገር ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ካልሠራችሁለት ሴፍቲ አይሆንም ማለት ነው።

ከሠራችሁለት ግን ከዝርዝራችሁ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ቪዛ አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለቱሉ ዲምቱ ልጅ ደጁ ላይ ነው፤ እሱና የአዳማው አቻው የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው ምዝገባው ሲወጣ ቀኑ እንዳያመልጣችሁ። 5 ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የሚገባበት መንገድ ከሌሎቹ ስለሚለይ ማስታወቂያውን ለብቻው ተከታተሉ። በሚኒስቴሩ በኩል ምርጫ ስትሞሉ ደግሞ በስም ብቻ አትሂዱ። የውኃ ምህንድስና የሚፈልግ ልጅ አርባ ምንጭን ማስቀደም ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው ሲነሣ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበረና። ጨርቃ ጨርቅ ከሆነ ባሕር ዳር ነው።

እዚህ ላይ ሰው የማይነግራችሁ አንድ ወጥመድ አለ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣው ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚከፈቱት ነሐሴ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጅ ውጤቱን ይዞ ለሚቀጥለው ዓመት ያመለክታል፤ እስከዚያው ድረስ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን አንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ኮርስ የወሰደን ልጅ እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ዝውውር ተማሪ ያዩታል፤ ለዝውውር ተማሪ የሚሰጠው ዕርዳታ ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት በዝርዝራችሁ ላይ ላሉት ኮሌጆች ሁሉ ኢሜይል ጽፋችሁ «አንድ ሴሚስተር ብማር እንደ አዲስ አመልካች ታዩኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፤ መልሱን በጽሑፍ አስቀሩ። በ12ኛ ክፍል እያላችሁ የምታመለክቱ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ «የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ከመውጣቱ በፊት በትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ታስገቡኛላችሁ?»

ደረጃ 3፦ የኢንጂነሪንጉን ዓይነት ለዩ

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግን በአንድ በር አያስገባም። ኢሊኖይ አርባና ሻምፔይን ገና ስታመለክቱ የመረጣችሁትን የትምህርት ክፍል አይቶ ነው የሚወስነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ብላችሁ ያመለከታችሁና ሲቪል ብላችሁ ያመለከታችሁ አንድ ዓይነት ፉክክር አይገጥማችሁም። ፐርዱ መጀመሪያ የጋራ የኢንጂነሪንግ ዓመት ያስተምራል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምም እንዲሁ፤ እዚያ የምትፈልጉትን ክፍል ለማግኘት የመጀመሪያ ዓመት ነጥባችሁ ይወስናል። ኤምአይቲ ደግሞ ከገባችሁ በኋላ የወደዳችሁትን ትመርጣላችሁ። ከኤምአይቲ በቀር ዩኒቨርሲቲዎቹ ለእናንተ የሚሆን ገንዘብ ባይኖራቸውም አሠራራቸውን ማወቁ ይጠቅማል፤ በዝርዝራችሁ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኮሌጅ ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ይከተላል። «ኤሌክትሪካል ካልሆነ አልፈልግም» የሚል ልጅ በሁለተኛ ዓመት ተወዳድሮ የሚመደብበት ቦታ ሲገባ አውቆ ይግባ።

ቀጥሎ አቤት (ABET) የሚባለውን የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ዕውቅና ተመልከቱ። አቤት ዕውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሜካኒካሉ ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል። ድረ ገጹ ላይ የኮሌጁን ስም አስገብቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» የሚለው ስም አያደናግራችሁ፤ ከኢንጂነሪንግ የተለየ ዲግሪ ነው፣ በአቤት ውስጥም የሚገመግመው ሌላ ኮሚሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ የባለሙያ መሐንዲስ ፈቃድ ለማውጣት ሲታሰብ ልዩነቱ ይመጣል። ተመልሳችሁ አገር ቤት ልትሠሩ ብታስቡም ዲግሪያችሁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ስለሚሠራለት፣ ፕሮግራሙ በአገሩ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከወዲሁ ማረጋገጡ ያዋጣል።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ኮሌጆች። የኛ ልጆች ስማቸውን ስላልሰሙ ብቻ የሚያልፏቸው፣ በእኔ ግምት ግን የዚህ ዝርዝር ወገብ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ስዋርዝሞር፣ ላፋዬት፣ ትሪኒቲ (ሃርትፎርድ ያለው) እና ለሴቶች ብቻ የሆነው ስሚዝ ኢንጂነሪንግ ያስተምራሉ፤ የተቀበሉትን የውጭ አገር ተማሪም የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑለታል። አጎራባቾች «የት ነው ደግሞ እሱ?» ይሏችሁ ይሆናል። ይበሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ልጅ ሆኖ፣ ፕሮፌሰሩ በስም እያወቃችሁ፣ ላብራቶሪው በመጀመሪያው ዓመት ሲከፈትላችሁ ጎረቤት ምን እንዳለ ትዝ አይላችሁም።

ሦስት ሲደመር ሁለት የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ። ኢንጂነሪንግ የሌለው ኮሌጅ ሦስት ዓመት ፊዚክስ ያስተምርና ለቀሪው ሁለት ዓመት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይልካል። በወረቀት ሲያዩት ያምራል። የመጀመሪያው ኮሌጅ የሚሰጠው ዕርዳታ ግን አብሮ አይሄድም፤ ሁለተኛው ለውጭ አገር ተማሪ ካልከፈለ ሕልሙ እዚያው ይቆማል።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን ኮሌጅ በሁለት ሚዛን መዝኑ

አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ክፈቱ፤ ላፕቶፕ ከሌለ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ሁለት ነጥብ ስጡ፦ አንዱ የመግባት፣ ሌላው የገንዘብ።

ለሁለቱም መረጃው ያለው ኮመን ዳታ ሴት (Common Data Set) የሚባል ሰነድ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ኮሌጆች በየዓመቱ ያወጡታል፤ የኮሌጁን ስም ከእሱ ጋር ጎግል ላይ ስትጽፉ ፒዲኤፉ ይመጣል። ክፍል ሲ ላይ የገቡት ተማሪዎች የኤስኤቲ ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ታያላችሁ። የእናንተ ውጤት ከታችኛው ቁጥር በታች ከሆነ ሪች ነው፤ ከላይኛው በላይ ቢሆንም ለውጭ አገር ተማሪ ማች ከማለት አትለፉ። ምክንያቱም ዕርዳታ ፈልጎ የሚያመለክት የውጭ ተማሪ የሚወዳደረው ከሁሉም ሳይሆን እንደ እሱ ዕርዳታ ከሚፈልጉ የዓለም ልጆች ጋር ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ግን ክፍል ኤች ውስጥ ቁጥር 6 ላይ ያለው ነው። ኮሌጁ ለውጭ አገር ተማሪዎች ዕርዳታ ይሰጥ እንደሆነ፣ ለስንት ሰው እንደሰጠ፣ በአማካይ ስንት ዶላር እንደሆነ እዚያ ሰፍሯል። ክፍል ቢ ላይ ደግሞ በኮሌጁ ያሉ የውጭ አገር ተማሪዎች ቁጥር አለ። አንዱን ለአንዱ አካፍሉት። ለምሳሌ ያህል፣ 200 የውጭ ተማሪ ኖሮት ለ150ው በአማካይ 60 ሺህ ዶላር የሚሰጥ ኮሌጅ ብታገኙ ዝርዝራችሁ ላይ አስፍሩት። 2 ሺህ የውጭ ተማሪ ኖሮት ለ90 ሰው 8 ሺህ ዶላር የሚሰጥ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ስሙ ቢገን ሰርዙት። ማስታወቂያው ላይ «ለጋስ ስኮላርሺፕ» የሚለውን ከማንበብ ይህቺ ማካፈል ትሻላለች።

ከዚህ በኋላ ሁለት ቃላት ታገኛላችሁ። ኒድ ብላይንድ የሚባሉት ዕርዳታ መጠየቃችሁን መቀበል አለመቀበላቸው ላይ አያስገቡትም። ኒድ አዌር የሚባሉት ያስገቡታል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ገንዘብ በበዛ ቁጥር ፉክክሩ ይከብዳል። ለውጭ አገር ተማሪ ኒድ ብላይንድ ሆነው የጎደለውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦውደን፣ ብራውን እና ጥቂት ሌሎች። ስሞቹን ገልብጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደረጃ 3ን አስታውሱ፤ አምኸርስትና ቦውደን ኢንጂነሪንግ የላቸውም። ለሐኪም ወይም ለኢኮኖሚስት የሚያስቀና ዕድል ለእናንተ ባዶ መስመር ነው።

ኤምአይቲን በተመለከተ አንድ ሐቅ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኤስኤቲ ወይም ተመሳሳዩን ኤሲቲ ግዴታ አድርጓል፤ የገቡት ተማሪዎች የሒሳብ ውጤት በብዛት ከ780 እስከ 800 ነው። ሒሳባችሁ 700 ከሆነ ለኤምአይቲ የምታጠፉትን ምሽት ለሌላ ኮሌጅ ኢሴይ አውሉት። በተቃራኒው ሒሳባችሁ 790 ሆኖ፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ነገር ካለ፣ ኤምአይቲ ሥራችሁን የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ ይቀበላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ስትመጣ ሮቶው መሙላቱን የሚነግር መብራት ሠርታችሁ ከሆነ ፎቶ አንሱት፤ ሽቦው የተበጣጠሰ፣ ሴንሰሩ በፕላስተር የታሰረ ቢሆንም አታሳምሩት።

ደረጃ 5፦ ከአሜሪካ ውጭ ያሉትን ቀላቅሉ

አሜሪካን ብቻ የያዘ ዝርዝር ሚዛኑን አይጠብቅም፤ የቪዛ ፖሊሲ በአንድ ሌሊት ሲቀየር ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 አካባቢ ይከፈታል፤ ማመልከቻው ነፃ ነው። ክፍያውን፣ ማደሪያውን፣ የጤና መድኅኑን፣ የወር ገንዘቡንና ትኬቱን ይሸፍናል። የመጀመሪያው ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ነው። የጃፓን መንግሥት ሜክስት ስኮላርሺፕ በኤምባሲው በኩል ነው የሚሄደው፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ያስፈትናል። አንድ ዓመት ጃፓንኛ ተጨምሮ ዲግሪው አምስት ዓመት ይወስዳል። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ጠንካራ ሆናችሁ በኢሴይ ግን ለማይሆንላችሁ ልጆች የተሠራ ያህል ነው። የደቡብ ኮርያው ካይስት ለተቀበላቸው የውጭ አገር ተማሪዎች የትምህርት ክፍያውን በስኮላርሺፕ ይሸፍናል፤ የሚያስተምረውም በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ኢንጂነሪንግ አለው፣ ዕርዳታም ይሰጣል፤ ፉክክሩ ግን ከትልልቆቹ አይተናነስም። ጋና ያለው አሼሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኢንጂነሪንግ ያስተምራል፤ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕም አለው። አፍሪካ ውስጥ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ጀርመን «ነፃ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ከሁሉ በላይ ግን ለቪዛ በተዘጋ አካውንት ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ከሆናችሁ ጀርመንን ከላይ አስቀምጡት፤ ከሌላችሁ ዝርዝሩ ላይ ቦታ አይያዝ።

ደረጃ 6፦ ስንት ይሁን?

ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ቦታ የሚመለከትበት ኮመን አፕ የሚባለው ድረ ገጽ እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል። 20 ግን አትሙሉ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ተጨማሪ ኢሴይ፣ የራሱን የዕርዳታ ቅጽ፣ የራሱን ፖርታል ይዞ ይመጣል። ከ12ኛ ክፍል ጥናት ጋር ከ10 እስከ 12 ያለው ይበቃል ባይ ነኝ።

እንዴት እንደሚከፋፈል በምሳሌ ላሳይ። ቱሉ ዲምቱ የምትኖር፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የምትፈልግ፣ ትራንስክሪፕቷ በአማካይ 94፣ ኤስኤቲዋ 1430 የሆነ፣ ቤተሰቧ በዓመት ከ1 ሺህ ዶላር በላይ የማይችል ልጅ እናስብ። ኤምአይቲን እንተውላት። ከኒድ ብላይንዶቹ ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ ይግቡ፤ ሁለት ሪች ይበቃታል። ወገቡ ላይ ስሚዝ፣ ላፋዬት፣ ትሪኒቲና ስዋርዝሞር ይሰለፋሉ። ስዋርዝሞር ወደ ሪች ያጋድላል፣ ቢሆንም ይቆይ። ከዚያ ካይስት፣ አሼሲ፣ የቱርክ ስኮላርሺፕ። የጃፓኑ ፈተና ለእሷ ይመች እንደሆነ የፊዚክስ አስተማሪዋን ትጠይቅ። ከሥር የቂሊንጦውና የአዳማው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ይኖራሉ።

ይህን ዝርዝር ከተለመደው ጋር ብታስተያዩት አንድ ነገር ታያላችሁ፦ ገንዘብ የማይሰጥ አንድም ስም የለበትም። ወንድ ከሆነ ስሚዝ ይወጣና ሌላ የጎደለውን የሚሸፍን ኮሌጅ ይተካል። ቤተሰቡ 10 ሺህ ዶላር የሚችል ከሆነ ደግሞ ወገቡ ሰፋ ይላል፤ በውጤት ላይ የተመሠረተ ከፊል ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ኮሌጆች መግባት ይችላሉ።

ደረጃ 7፦ ቀኑንና ክፍያውን አቀናጁ

ቀድሞ ገብቶ ቀድሞ መልስ የሚያገኘው የኧርሊ ማመልከቻ በብዛት ጥቅምት 22 ላይ ይዘጋል፤ መደበኛው ታኅሣሥ 23 ወይም ከዚያ ጥቂት ቀን በኋላ። ኮመን አፕ ላይ ሰዓቱ የሚቆጠረው በአመልካቹ አገር ነው፤ «ኒውዮርክ ገና አልነጋም» ብላችሁ አትዘናጉ። የመጨረሻው ሌሊት መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡና ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።

ኧርሊ ዲሲዥን አንድ ኮሌጅ ላይ ብቻ የሚደረግ፣ ከገባችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ለመሄድ የምትፈርሙበት ነው። ዕርዳታው ካልበቃ ግን ከቃላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ይህችን አንድ ጥይት ሪች ላይ አታባክኗት። ኒድ አዌር የሆነ፣ የጎደለውን ሙሉ የሚሸፍን፣ ውጤታችሁ የሚመጥነው ኮሌጅ ላይ ነው የምትጠቅመው፤ በምሳሌዋ ልጅ ላፋዬት ወይም ስሚዝ ላይ ማለት ነው። መልሱ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይመጣል። እምቢ ካሏችሁ ለመደበኛው የሚቀራችሁ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሆነ የሌሎቹ ኢሴይ አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቅ።

ለክፍያ ቤተሰብን አታስጨንቁ። የማመልከቻ ክፍያ በኮመን አፕ ላይ የፊ ዌቨር (ከክፍያ ነፃ የመሆን) ጥያቄ በመሙላት ይቀራል፤ ካልሆነ ለመግቢያ ቢሮው ጨዋ ኢሜይል ጻፉ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይልም ያስከፍላል፤ ለዕርዳታ ቢሮው ጽፋችሁ የነፃ ኮድ ወይም በምትኩ አይኤስኤፍኤኤ መሙላት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እምቢ የሚል ካለ፣ ያ ራሱ ስለ ለጋስነቱ ይነግራችኋል።

የእንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ ብዙዎቹ ዱዎሊንጎን ይቀበላሉ፤ ከቶፍል ርካሽ ነው፣ ቤት ሆኖ ይፈተናሉ። ዳር ከተማ ላይ ግን ችግሩ ኔትወርኩ ነው። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ዋይፋይ ቢኖርም የስልክ ዳታ በተጠንቀቅ ይሁን፣ ሰዓቱንም ሰፈሩ ጸጥ ሲል ምረጡ።

ደረጃ 8፦ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወረቀት

የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን በአብዛኛው የኮሌጅ ማመልከቻ የሚከታተል ሰው የላቸውም። ኮመን አፕ ላይ «ካውንስለር» የሚለውን ርዕሰ መምህሩ ወይም ዩኒት ሊደሩ ሊሞላው ይችላል። መጀመሪያ ሄዳችሁ ምን እንደሆነ አስረዷቸው፤ «ጋሼ፣ በኢሜይል የሚመጣ ሊንክ አለ፣ አብረን እንክፈተው» ማለት ከደብዳቤ ይሻላል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት ማኅተም አስደርጋችሁ በጥራት ስካን አድርጉት። ሪኮመንዴሽን አንዱ ከሒሳብ ወይም ከፊዚክስ መምህር፣ ሌላው ከቋንቋ ወይም ከታሪክ መምህር ይሁን። መምህራችሁ «አንተው ጽፈህ አምጣው፣ እፈርማለሁ» ካለ እሺ አትበሉ፤ በምትኩ ክፍል ውስጥ የሠራችሁትን፣ የጠየቃችሁትን፣ ያስቸገራችሁትን አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት።

መገናኛና ቦሌ መንገድ ላይ «የውጭ ትምህርት ዕድል እናመቻቻለን» የሚሉ ቢሮዎች ሲያግባቧችሁ ኮሚሽን የሚከፍላቸው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ተማሪ የሚፈልገው፣ ዕርዳታ የማይሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል በነፃ ያማክራል፤ ሰንጠረዣችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ መልሱ ሲመጣ

መደበኛው መልስ መጋቢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ምርጫችሁን የምታሳውቁት ብዙ ጊዜ እስከ ሚያዝያ 23 ነው። የዕርዳታ ደብዳቤውን ስታነቡ ግራንት ወይም ስኮላርሺፕ የሚለውን ብቻ ደምሩ። ብድር ገንዘብ አይደለም፤ የግቢ ውስጥ ሥራም ገብታችሁ ሠርታችሁ የምታገኙት እንጂ ዛሬ በእጅ ያለ አይደለም። ዕርዳታው ለአራት ዓመት የሚቀጥል መሆኑን፣ ለመቀጠል ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ፣ የጤና መድኅን በውስጡ መኖሩን አንድ በአንድ ጠይቁ። የመጀመሪያ ዓመት ኢንጂነሪንግ ነጥብ ይጥላል፤ 3.5 ካልያዝክ እነጥቅሃለሁ የሚል ስኮላርሺፕ 2.0 ከሚለው ጋር እኩል አይደለም።

የቀረበው ከሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ካነሰ የዕርዳታ ቢሮውን በጽሑፍ እንደገና እንዲያዩት ጠይቁ፤ የተለወጠ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የወላጅ ሥራ መልቀቅ ወይም ሕመም፣ ከነማስረጃው አያይዙ። የመረጣችሁት ኮሌጅ አይ-20 እስኪልክ ድረስ ደግሞ የብሔራዊ ፈተና ጥናቱን እንዳታቋርጡ፤ የአገር ቤት ምርጫ መሙያው ሲከፈትም ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ እንደማንኛውም ተማሪ ሙሉት።